ከመድኃኒቱ ጋር ጠብታውም ይታሰብ

በራቤልና በዙሪያዋ ባሉ የግሼ ቀበሌዎች ስንዴ በዋግ፣ ባቄላ በቆርምድ ሲጠቃ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «መድኃኒቱ ደረሰ ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ሙሉ አይደለም። መድኃኒቱ ከመርጫው አፍንጫ ወጥቶ ቅጠሉ ላይ መድረሱም ሊጠየቅ ይገባል።

በጀርባ የሚታዘል መርጫ ውሃውን በግፊት በጠባብ ቀዳዳ ሲያስወጣው ውሃው ስስ ሆኖ ይዘረጋና ይበጣጠሳል፤ ጠብታ የሚሆነውም ያኔ ነው። ግፊቱ ሲበረታ ጠብታው ይደቅቃል። ብዙዎች ጉም የመሰለ ርጭት ሲያዩ መድኃኒቱ ሁሉንም ያዳረሰ ይመስላቸዋል። ነገር ግን 30 ዲግሪ ሙቀትና 50 በመቶ እርጥበት ባለው አየር 0.2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የውሃ ጠብታ ተንኖ እስኪያልቅ 1 ደቂቃ ያህል ይቆያል። 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነው 16 ሰከንድ፣ 0.05 የሆነው ደግሞ 4 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ ዕድሜው ወደ ሩብ ይወርዳል። ውሃው ቢተንም መርዙ አይጠፋም፤ በነፋስ ተወስዶ ወደ ጎረቤት ማሳ፣ ወደ ንብ ቀፎ፣ ወደ ረጪው ሳንባ ይገባል።

«ደጋው ብርድ ስለሆነ ይህ እኛን አይመለከትም» የሚል ይኖራል። በክረምት ጉም ውስጥ ትነቱ በእርግጥ ይቀንሳል። ዝናቡ ሲገታ ግን አየሩ ይደርቃል። ልብስ በብርድ ቀንም ፀሐይና ነፋስ ካገኘ ይደርቃል፤ ጠብታም እንዲሁ ነው።

በ2013 ዓ.ም. የአንበጣ መንጋን ለመከላከል አውሮፕላን የረጨው ደቃቅ ጠብታ ነበር የሚል መከራከሪያም አይጠፋም። ያ መድኃኒት ቶሎ እንዳይተን በዘይት የሚዘጋጅ ነው። አርሶ አደሩ የሚረጨው ግን በውሃ የተበጠበጠ ነው።

ስለዚህ የወረዳ ሪፖርት በተሰራጨ ሊትር ብቻ ሊለካ አይገባም። ከመድኃኒቱ ጋር መለወጫ አፍንጫ ለቀበሌዎች ይቅረብ። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ከርጭት ወቅት በፊት መርጫዎችን በንጹህ ውሃ ይፈትሹ፤ አሮጌው አፍንጫ በ1 ደቂቃ የሚያወጣው ውሃ ከአዲሱ ከ10 በመቶ በላይ ከበለጠ ይለወጥ። አርሶ አደሩም አፍንጫውን በሽቦ ወይም በእሾህ አይጎርጉር፤ ቀዳዳው ይበላሻል። እጀታውን በእኩል ግፊት ይምታ። ጤዛው ከረገፈ በኋላ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት፣ ወይም ነፋሱ ሲበርድ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይርጭ፤ ንብ በአበባ ላይ ባለችበት ሰዓት ግን ይተው።

ይህ ካልሆነ ርጭቱ ሲከሽፍ «መድኃኒቱ አይሠራም» ይባላል። አርሶ አደሩም ተበድሮ ሁለተኛ ይረጫል፤ በሽታው ግን ማሳው ውስጥ እንዳለ ነው።