አንዱ አስቀድሞ ይዘጋ

በቢቸናም ሆነ በሞጣ አሮጌ ኮምፒዩተር በሥራ መካከል ደርቆ ሲቀር፣ «ጊዜው አልፎበታል» ማለት ይቀናናል። በእኔ አስተያየት ይህ ፍርድ ችኩል ነው። ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒዩተር ማስታወሻው፣ ማለትም ራሙ፣ በሞላ ጊዜ መረጃውን ከዲስክ ጋር ሲያመላልስ ይውላል፤ ዲስክም ከራም እጅግ የዘገየ ነውና የመዳፊቱ ቀስት እንኳ አልንቀሳቀስ ይላል። ከርነሉ አንዱን ፕሮግራም በግድ መዝጋት ይችላል፤ ነገር ግን ይህን የሚያደርገው ሌላ መላ ሲያጣ ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ የተማሪው ቀርቶ የመምህሩም ትዕግሥት አይቆይም!

ስለዚህ ኧርሊኡም የተባለውን ትንሽ ፕሮግራም መጫን ይበጃል፤ ይኸውም በራሙና በዲስኩ መጠባበቂያ (ስዋፕ) ላይ የቀረው ቦታ ሁለቱም ከ10 በመቶ በታች ሲወርድ፣ ብዙ ቦታ የያዘውን ፕሮግራም አስቀድሞ ይዘጋል። ፌዶራ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት በ2020 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ዘዴ ተቀብሎ ነበር። «ያልተቀመጠ ጽሑፍ ይጠፋል» የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ይሁን እንጂ የደረቀውን ማሽን በማጥፊያው ቁልፍ የሚያጠፋ ሰው በሁሉም ፕሮግራሞች ያልተቀመጠውን ሥራ በአንድነት ያጣል።