ምሥጢር የከበዳቸው ልጆቻችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በሀገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ቫይረሱን ከእናታቸው ይዘው የተወለዱ፣ በእግዚአብሔር ቸርነትና በዚህ መድኃኒት በሕይወት የቆዩ ብዙ ሕፃናት ዛሬ በጉርምስና ዕድሜ ላይ ይገኛሉ። አብረውን ያስቀድሳሉ፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ከእኛ ጋር ይዘምራሉ። ሥጋቸውን መድኃኒቱ ይጠብቀዋል፤ ነፍሳቸውን የሚያደክማት ግን ለማንም የማይነገረው ምሥጢር ነው።

ምሥጢሩ የሚጀምረው ከቤት ነው። ልጁ በየቀኑ የሚውጠው ኪኒን ለምን እንደሆነ ሲጠይቅ አንዳንድ ወላጅ ወይም አሳዳጊ አያት «ለሳንባህ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ እውነቱን መናገር የራስን ቍስል መግለጥ ይሆንበታልና። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ለትምህርት የደረሱ ሕፃናት እንደ አቅማቸው ደረጃ በደረጃ እንዲነገራቸው ይመክራል። ከወላጁ ያልሰማውን ከጎረቤት አፍ የሰማ ልጅ ይቆጣል፣ ይተክዛል፣ ከጓደኞቹ ይርቃል፤ አንዳንዱም መድኃኒቱን ይተወዋል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ደግሞ ቫይረሱ እንደገና ይበዛል፤ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል።

እኛ አገልጋዮችም ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለንም። በዐውደ ምሕረት ኤችአይቪን የዝሙት ቅጣት አድርገን ስንሰብክ ከፊታችን ማን እንደተቀመጠ አናስብም። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው በማን ኃጢአት እንደሆነ በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታችን በእርሱም በወላጆቹም ኃጢአት እንዳልሆነ መልሶላቸዋል (ዮሐ. 9)።

ሌላው ጥፋት ጸበልንና መድኃኒትን ማጣላት ነው። «እምነት ካለህ ኪኒኑን ተወው» የሚል ምክር የወጣቱን ሕይወት ሊቀጥፍ ይችላል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው ሊወስዱ እንደሚችሉ በይፋ አስተምረዋል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስረዳል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በዝምታ የሚደረገው ምርጫ ነው። ለመቍረብ 18 ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ መከልከል ሥርዓታችን ነው። የንስሐ አባቱ ሕመሙን የማያውቁለት ወጣት ወይ መድኃኒቱን በስውር ያሳልፋል፣ ወይ ከቅዱስ ቍርባን ይርቃል። ብዙዎቹ የሚወስዱት መድኃኒት ግን በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ነው። ወጣቱ አስቀድሞ ቢናገር የሚወስድበትን ሰዓት ሐኪሙና የንስሐ አባቱ ሊያመቻቹለት ይችላሉ፤ ጾሙንም አባቱ እንደ አቅሙ ይወስኑለታል።

ስለዚህ ለምሥጢሩ የሚሆን ስፍራ አስቀድሞ ተሰጥቶናል፤ እርሱም ምሥጢረ ንስሐ ነው። ካህን የሰማውን አያወጣም። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ወደ ሐኪም እንደምትወስዱ ሁሉ ወደ ንስሐ አባትም ውሰዱ። አባቶች ሆይ፣ ሳትደነግጡና ሳትገሥጹ ስሟቸው። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንም ዝም ያለውን ልጅ ልብ በሉት፤ ኀዘኑ ከበረታ ወደ አእምሮ ሐኪም መሄዱ የእምነት ጉድለት አይደለም።

እናንተም ልጆቻችን፣ ተስፋችሁ አልተዘጋም። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይበት ሰው ቫይረሱን ለትዳር አጋሩ አያስተላልፍም፤ በሕክምና ክትትልም ከቫይረሱ ነጻ የሆነ ልጅ መውለድ ይቻላል። ተክሊልም ክህነትም ከፊታችሁ አሉ። ብቻ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ፤ ሸክሙንም ብቻችሁን አትሸከሙት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።