ፍሬሽ መምህርስ? ወሎ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ለሚገቡት ምን ማስተዋወቅ አለበት

አዲስ የትምህርት ዓመት ሲመጣ ወሬው ሁሉ ስለ ፍሬሽ ተማሪ ነው። እኛ ዛሬ ስለ ፍሬሽ መምህር እናውራ፤ በተለይ ጂኤ ሆናችሁ ለመግባት ለምታስቡ።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ስሙ አንድ ቢሆንም ያለው ሁለት ከተማ ውስጥ ነው። ዋናው ግቢ ደሴ ነው፣ ምህንድስናው ደግሞ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት። በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ቅርብ ይመስላል፤ ግን ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከፍታው 600 ሜትር ገደማ ቀንሷል። ደሴ ላይ የለበሳችሁትን ጃኬት እዚያ ታወልቁታላችሁ። ደሴ ተከራይቶ ኮምቦልቻ የሚያስተምር ሰው ጠዋት ማታ የሚኒባስ ሂሳብ አለበት። ይህን ቤት ከመያዙ በፊት የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

ኪሱም ሰፊ አይደለም። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተስተካከለው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ከ9,056 ወደ 11,500 ብር አድጓል። የዩኒቨርሲቲ መምህራን እርከን ለብቻው ነው፤ ቁጥሩ ግን የጀማሪን ኑሮ በደንብ ያሳያል። ደመወዝ የሚመጣው ወር ሠርተህ ነው፣ አከራይ ግን የሚፈልገው ስትገባ ነው።

ወደ ክፍሉ እንግባ። በአገራችን ለዩኒቨርሲቲ መምህራን ሃየር ዲፕሎማ የሚባል የማስተማር ሥነ ዘዴ ሥልጠና አለ። ጥሩ ነገር ነው። ችግሩ ጊዜው ነው፦ መምህሩ ሥልጠናውን የሚወስደው እያስተማረ ነው። ማስተማርን የሚማረው እናንተ ላይ እየሞከረ ነው ማለት ነው።

ተማሪው ደግሞ ቀላል መንገድ አልመጣም። በ2017 የ12ኛ ክፍል ፈተናን ያለፉት 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው፤ በሪሚዲያል በኩል የሚገቡም አሉ። መጨረሻ ላይ ከ2015 ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ይጠብቃል፣ ማለፊያው 50 በመቶ። በዚህ መሃል አንድ ኮርስ ከተበላሸ ዕዳው ተማሪው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የኮርስ አውትላይን አስይዞ «ግባ አስተምር» ማለት ኦረንቴሽን አይባልም።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሌላም ነገር አለ። ከተሞቹ በጥቅምት 2014 መጨረሻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገብተው እስከ ኅዳር ማብቂያ ቆይተዋል፤ ዩኒቨርሲቲውም ከባድ ዘረፋና ውድመት ደርሶበታል። አዲሱ መምህር ያን ጊዜ እዚህ አልነበረ ይሆናል። ላብራቶሪ ገብቶ የትኛው መሣሪያ እንደሚሠራ፣ የትኛው በስም ብቻ እንዳለ ካላየ፣ ሴሚስተሩ ከተጋመሰ በኋላ ተግባር ልምምዱን ወደ ሰሌዳ ሥዕል ይለውጠዋል። አሳፋሪው ነገር ይህን በደንብ የሚያውቁት የላብ ቴክኒሻኖቹ መሆናቸው ነው፤ በትውውቅ ፕሮግራም ላይ ግን ማን መድረክ ሰጥቷቸው ያውቃል?

እኛ የምንለው ትልቅ በጀት አይፈልግም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሎድ ቀንሱለት። የነባር መምህር ክፍል ገብቶ ይቀመጥ። የመውጫ ፈተናው ከእሱ ኮርስ ምን እንደሚጠይቅ ዲፓርትመንቱ ያሳየው። ኮምቦልቻ የተመደበ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን ኢንዱስትሪ ፓርኩንና ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን ይዞሩለት፤ ተማሪዎቹን ለልምምድ ሲልክ ማንን እንደሚያናግር ያኔ ያውቃል።