ፋሲል ከነማና የደመወዝ ጣሪያው፦ ኮከብ የሚቆየው በፊርማ ገንዘብ ሳይሆን በውል ነው

ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግን ዋንጫ ሲያነሳ፣ ጎንደር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የጠበቀችውን ቀን አየች። በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ የሚመራው ቡድን በአንድ ዓመት ዕድል የተገኘ አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ሊጉ አድጎ፣ በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዋንጫን ወስዶ፣ ደረጃ በደረጃ የተሠራ ቡድን ነበር። ተጫዋቾቹ የሚተዋወቁ፣ ደጋፊውም ስማቸውን ከነቁጥራቸው በቃሉ የያዘው ቡድን ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ብዙም አልተወራበትም። ዋንጫው ከተነሳ ከጥቂት ወራት በኋላ አጥቂው ሙጂብ ቃሲም ወደ አልጄሪያው ጄኤስ ካቢሊ አመራ። መስከረም 2014 ዓ.ም. ዐፄዎቹ በአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 2፣ ኦምዱርማን ላይ 1 ለ 1 ተለያይተው፣ ሳይሸነፉ ከሜዳ ውጭ በተቆጠረ ግብ ሕግ ወደቁ። በዚያው የውድድር ዘመን በሊጉ ሁለተኛ ሆነው ጨረሱ። አምበሉ ያሬድ ባየህ ወደ ባሕር ዳር ከተማ ሄደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ሱራፌል ዳኛቸው ወደ አሜሪካው ላውደን ዩናይትድ ተጓዘ።

ተጫዋች መሄዱ ነውር አይደለም። ወደ ውጭ የሚወጣ ልጅ ለሀገርም ኩራት ነው። ጥያቄው ሌላ ነው። ሻምፒዮን የሆነ ክለብ ኮከቦቹ ሲሄዱ በእጁ ምን ቀረለት? ሌላ ኮከብ የሚገዛበት ገንዘብ? የሚተካ ወጣት? በአብዛኞቹ የኢትዮጵያ ክለቦች ዘንድ የዚህ ጥያቄ መልስ ባዶ እጅ ነው። ምክንያቱንም ለመረዳት ስለ ደመወዝ ጣሪያው ማውራት ግድ ይላል።

ነሐሴ 2011 ዓ.ም. የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ከውሳኔው ጀርባ እውነተኛ ችግር ነበር። ክለቦቹ በአብዛኛው የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋማት በጀት ነው። የተጫዋች ደመወዝ ከዓመት ዓመት እየናረ፣ ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ከተማ ለአንድ አጥቂ የብዙ መምህራንን ደመወዝ የሚከፍልበት ደረጃ ተደርሶ ነበር። ጎንደር የመገጭ ግድብን ስትጠብቅ ስንት ዓመት እንደሆናት የሚያውቅ ሰው፣ ይህን ቁጣ «ስፖርት የማይገባው ሰው ወሬ» ብሎ ሊያጣጥለው አይችልም። ገንዘቡ የሕዝብ ነው።

ችግሩ እውነተኛ ነበር፤ መድኃኒቱ ግን በሽታውን አላገኘውም።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። በወቅቱ በነበረው የገቢ ግብር ሕግ ከ10,900 ብር በላይ የሆነ ደመወዝ 35 በመቶ ይከፈልበታል። ያልተጣራ 50,000 ብር የሚከፈለው ተጫዋች ግብሩ ሲነሳ እጁ ላይ የሚደርሰው 34,000 ብር ገደማ ነው። ክለቡ «የተጣራ 50,000 አስገባልሃለሁ» ብሎ ቃል ከገባ ግን ያልተጣራው ደመወዝ ወደ 74,600 ብር ይጠጋል። በአንድ ቃል ልዩነት፣ «የተጣራ» እና «ያልተጣራ» በሚለው መሃል፣ በወር ወደ 25,000 ብር የሚጠጋ ቀዳዳ ተከፈተ ማለት ነው። በዚያ ላይ የፊርማ ገንዘብ፣ የቤት ኪራይ፣ «ማበረታቻ» ሲጨመር ጣሪያው ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ነገር ይሆናል። አንዱ ውል ለፌዴሬሽኑ፣ ሌላው ለኪስ የሚለው አባባል በእግር ኳሱ መንደር የቀልድ ያህል የተለመደው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛው ችግር ገንዘቡ ራሱ ነው። ውሳኔው በተላለፈበት ወቅት አንድ ዶላር 29 ብር አካባቢ ነበር፤ 50,000 ብር ወደ 1,700 ዶላር ይመነዘር ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ምንዛሪው ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ያው 50,000 ብር ከ500 ዶላር በታች ወረደ። ጣሪያው ሳይነካ ሁለት ሦስተኛው ፈረሰ። የጤፍና የቤት ኪራይ ዋጋ እንዲህ በሄደበት ሀገር፣ በቁጥር የታሰረ ጣሪያ ሁለት ነገር ብቻ ያመጣል፦ ወይ ሁሉም በጎን ይጥሰዋል፣ ወይ ጥሩ ተጫዋች ድንበር ይሻገራል። ሁለቱንም አይተናል።

ጣሪያ የሚባለው ነገር ግን በራሱ መጥፎ አይደለም። በደንብ የሠራበት ቦታ አለ። በሰሜን አሜሪካ፣ በበረዶ ላይ በበትር የሚጫወቱት የሆኪ ክለቦች፣ ከእኛ ጋር በመልክም በገንዘብም አይገናኙም። የገጠማቸው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ የተጫዋች ደመወዝ ትንንሽ ከተሞችን ሊያጠፋ ሲል ምን ይደረግ? እነሱ በዚህ ጉዳይ ተጣልተው በአውሮፓውያኑ 2004 እና 2005 መካከል አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ሳይጫወቱ ቀሩ። ከዚያ ተስማምተው ለእያንዳንዱ ክለብ 39 ሚሊዮን ዶላር ጣሪያ አወጡ። በ2025-26 የውድድር ዘመን ያ ጣሪያ 95.5 ሚሊዮን ደርሶ ነበር።

ከእኛው ጣሪያ የሚለይባቸው ነጥቦች ልብ ሊባሉ ይገባል። ጣሪያው የተበጀው ለአንድ ተጫዋች ሳይሆን ለጠቅላላው ቡድን ነው፤ አንድ ተጫዋች ከጠቅላላው ከ20 በመቶ በላይ መውሰድ አይችልም እንጂ፣ ክለቡ ገንዘቡን ለማን እንደሚያከፋፍል የራሱ ጉዳይ ነው። ጣሪያው ከሊጉ ገቢ ጋር የታሰረ ነው፤ ገቢ ሲያድግ አብሮ ያድጋል፣ ተጫዋቾችና ባለቤቶች እኩል ይካፈላሉ። ጣሪያ ብቻ ሳይሆን ወለልም አለው፤ ከዚያ በታች የሚከፍል ክለብ ሕግ ጥሷል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ተጫዋቾቹ በማኅበራቸው በኩል ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው የፈረሙበት ስምምነት ነው።

እንዲህ ያለ ሥርዓት ኮከብን እንኳ ስለ ቡድኑ እንዲያስብ ያደርገዋል። የኤድመንተኑ ኮነር ማክዴቪድ በዓለም ምርጡ የሆኪ ተጫዋች ነው የሚሉት ብዙ ናቸው። በ2025 አዲስ ውል ሲፈርም በዓመት 12.5 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ተስማማ። የቡድን አጋሩ ሊዮን ድራይሳይትል 14 ሚሊዮን ይወስዳል፤ የሌላ ክለብ ኮከብ ደግሞ በዚያው ሰሞን በ17 ሚሊዮን ፈርሟል። ማክዴቪድ የቀነሰው ለጽድቅ አይደለም። የተወው ገንዘብ ለጎኑ ጥሩ ተጫዋች እንደሚገዛለት ስለሚያውቅ ነው። ደመወዙ በወቅቱ እንደሚገባለትም ስለማይጠራጠር ነው። ሦስት ወር ደመወዝ ላልተከፈለው ተጫዋች «ለክለቡ ስትል ቀንስ» ማለት ግን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

ፕሪምየር ሊጉን የሚያስተዳድረው አክሲዮን ማኅበር ከ2017 የውድድር ዘመን ጀምሮ የክለቦችን ጠቅላላ ወጪ የሚገድብ መመሪያ ወደ ማስፈጸም መሄዱ ትክክለኛ አቅጣጫ ነው። ከአንድ ሰው ጣሪያ ወደ ቡድን ጣሪያ መሸጋገር ትልቅ እርምጃ ነው። የቀረው ግን ከባዱ ክፍል ነው፤ ጣሪያው ከገቢ ጋር አልተያያዘም፣ ወለሉም የለም።

ይህ ለምን ጎንደርን ከሌሎች በላይ እንደሚነካ ለማየት የ2016 እና የ2017 ዓ.ም. ሻምፒዮኖችን መመልከት ይበቃል። በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በ2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መድን ዋንጫውን ወሰዱ። ሁለቱም ወደ ሊጉ በተመለሱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ ባንክማ በመጀመሪያው ዓመት። የሠሩትን ማንም አይነፍጋቸውም። ከጀርባቸው ያለው ግን የፋይናንስ ተቋም ነው። የፋሲል ጀርባ ደግሞ የከተማ አስተዳደር በጀትና ደጋፊው ነው። ያ ደጋፊ እንኳ ቡድኑን በአፄ ፋሲለደስ ስታዲየም ትኬት ቆርጦ የሚያይበት ዕድል ተነፍጎታል። ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰበ ስለሚካሄድ፣ የጎንደር ሰው ክለቡን የሚያየው በቴሌቪዥን ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ፣ ከቢራ ፋብሪካዎች ድጋፍ ይጠብቁ ለነበሩ ክለቦች ሌላ በር ጠበበ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ የቱሪስቱንም የነጋዴውንም ኪስ አደረቀ። ሁሉም ክለብ እስከ አንድ ጣሪያ ማውጣት ይችላል ሲባል፣ ለባንኩ ገደብ የሆነው ቁጥር ለፋሲል ሊደርስበት የማይችል ምኞት ነው። ሊደርስበት ሲሞክርም ዕዳ ይሆንበታል።

እንግዲህ ፋሲል ምን ያድርግ? ሀብታሞቹን በገንዘብ መከተል የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው። የሚያዋጣው የውል አያያዝን መቀየር ነው።

አንደኛ፣ የውል ርዝመት። በሊጋችን የተለመደው የአንድና የሁለት ዓመት ውል ነው። በፊፋ ደንብ ውሉ ስድስት ወር ብቻ የቀረው ተጫዋች ከሌላ ክለብ ጋር ተነጋግሮ መፈረም ይችላል። የአንድ ዓመት ውል የፈረመ ኮከብ፣ የውሉን ግማሽ የሚጫወተው ለሌላ ክለብ ለመፈረም ነፃ ሆኖ ነው ማለት ነው። ክለቡ ሲሄድበት ሳንቲም አያገኝም። ደንቡ ግን እስከ አምስት ዓመት ይፈቅዳል። ከ25 ተጫዋች ሦስት ወይም አራቱን መርጦ በሦስትና በአራት ዓመት ውል ማሰር፣ ደመወዛቸው በየዓመቱ ከኑሮ ውድነቱ ጋር እንዲያድግ ማድረግ፣ የውጭ ክለብ ሲመጣ የሚከፍለውን የመልቀቂያ ዋጋ አስቀድሞ መጻፍ ይቻላል። ያኔ ልጁ ሲሄድ ለክለቡ የሚተካበትን ትቶለት ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ የፊርማ ገንዘብን መቀነስ። በክረምት አንድ ጊዜ የሚሰጥ ጠቀም ያለ ገንዘብ ተጫዋቹን በየክረምቱ ክለብ እንዲቀይር ይጋብዘዋል፤ ክለቡንም ለቀጣዮቹ ወራት ባዶ ካዝና ያስቀምጠዋል። ያንኑ ገንዘብ በየወሩ በወቅቱ መክፈል ለሁለቱም ይሻላል። በፊፋ ደንብ የሁለት ወር ደመወዝ የተያዘበት ተጫዋች በጽሑፍ አስጠንቅቆ ክለቡ በ15 ቀን ውስጥ ካልከፈለው ውሉን ማፍረስ ይችላል። ስለዚህ ደመወዝ የሚያዘገይ ክለብ የገዛውን ኮከብ በገዛ እጁ ነፃ እየለቀቀ ነው።

ሦስተኛ፣ የራስን ልጅ ማሳደግ። ደባርቅ፣ ዳባት፣ አምባ ጊዮርጊስ፣ ቆላ ድባ በየሜዳው ኳስ የሚያንከባልል ልጅ አያጡም። በደጋው አየር ሳንባው የጠነከረ ልጅ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሮጦ አይደክምም። ልጁ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ በሥርዓት ከተመዘገበ፣ ዓለም አቀፍ ዝውውር ሲያደርግ አሳዳጊ ክለቡ የማሠልጠኛ ካሳና ከዝውውር ዋጋው የሚከፋፈለው 5 በመቶ ድርሻ አለው። ይህ ገንዘብ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ልጁ ስላልተገኘ አይደለም፤ የምዝገባ ወረቀቱ ስላልተያዘ ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚነሳው ተቃውሞ ይታወቃል። «የተጫዋች ዕድሜ አጭር ነው፣ ዛሬ ያላገኘውን ነገ አያገኘውም፤ ለምን ረጅም ውል ይፈርማል?» ይባላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ሜዳ ላይ ነው ያለው። ተጫዋች አጭር ውል የሚመርጠው ክለቡን ስለማያምን ነው። ነገ ደመወዝ እንደሚዘገይ፣ ሥራ አስኪያጅ ሲቀየር ቃል እንደሚታጠፍ ያውቃል። ጉልበቱ ሲጎዳ እንደሚረሳም ከጓደኞቹ አይቷል። በየወሩ የሚከፍል፣ የጉዳት ዋስትና የሚገባ፣ ሒሳቡን ለደጋፊው በግልጽ የሚያሳይ ክለብ ከሀብታሙ ያነሰ ከፍሎም ቢሆን ተጫዋች ማቆየት ይችላል። እምነት ራሱ ከደመወዝ የሚቆጠርበት ጊዜ አለ።

ሊጉም የራሱ ድርሻ አለበት። የወጪ ጣሪያው ኦዲት ከተደረገ የክለቡ ገቢ ጋር ይያያዝ፤ በየዓመቱ ይከለስ፤ ዝቅተኛ ደመወዝና የክፍያ ቀን ይቀመጥለት። ተጫዋቾችም በማኅበራቸው በኩል ውሳኔው ላይ ይገኙ፤ ሰው ያልተስማማበትን ሕግ የሚጠብቀው ቀዳዳ እስኪያገኝለት ድረስ ነው። ደመወዝ ያልከፈለ ክለብ አዲስ ተጫዋች እንዳያስፈርም መከልከል፣ ብዙ የከፈለውን ከመቅጣት እኩል መታየት አለበት።

ጎንደር ሌላ ዋንጫ ማየት ትችላለች። የ2013ቱን ያመጣው ውድ ተጫዋች አልነበረም፤ አብሮ የቆየ ቡድን ነበር። ያንን ቡድን የበተነውም የገንዘብ እጥረት ብቻ ሳይሆን በየክረምቱ የሚያልቅ ወረቀት ነው። በመጪው ክረምት የክለቡ ቦርድ ሲሰበሰብ ደጋፊው ሊጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማንን ልታመጡልን ነው?» የሚለው አይደለም። «ያሉን ልጆች ውላቸው መቼ ያልቃል? ደመወዛቸውስ እስከ ስንተኛው ወር ተከፍሏል?» የሚለው ነው።