ጋዜጣና የጎረቤት ቃል

በፍርድ ቤት ምስክር ሲቀርብ «በዓይንህ አየህን፥ ወይስ ከሰው ሰማህ?» ተብሎ ይጠየቃል። መልሱን በመዝገብ ስጽፍ ብዙ ዘመን የኖርሁ እኔ፥ ከቤቴ ስገባ ግን ይህን ጥያቄ ረስቼው ተገኘሁ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ቡና ሲጠጣ ጋዜጣ ዘርግቼ «ስኳር ሊወደድ ነው» ብዬ ለቤተ ሰቡ አነበብሁ። ያነበብሁት አርእስቱን ብቻ ነበር፤ ከሥሩ የተጻፈው ግን የሩቅ አገር ገበያ ወሬ ነበር። አብራን የነበረች አንዲት ጎረቤት ለልጅዋ ትምህርት ቤት ያስቀመጠችውን ገንዘብ አውጥታ በማግሥቱ ስኳር ገዛችበት። ነገሩን ሰምቼ ብጠይቃት «ጋዜጣውንማ መች አየሁት፤ እርስዎ አሉ ብዬ ነው እንጂ» አለችኝ።

ይህች ሴት በአንድ ቃል የተናገረችውን ሊቃውንት ብዙ ደክመው አግኝተውታል። በቪየና ተወልዶ በአሜሪካ ያስተማረው ፖል ላዛርስፌልድ ከባልደረቦቹ ጋራ፥ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1940 ዓ.ም.፥ ሩዝቬልትና ዊልኪ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ፥ በኦሃዮ ግዛት በኢሪ አውራጃ 600 ሰዎች መርጦ ከሜይ እስከ ኖቬምበር በየወሩ አስጠየቀ። ራዲዮና ጋዜጣ የሰውን አሳብ እንደ ወደዱ ይገለብጡታል ተብሎ ሲፈራ፥ ከአንዱ ተወዳዳሪ ወደ ሌላው የዞሩት ጥቂቶች ሆኑ፤ ብዙዎቹን ቀድሞ በያዙት አጸናቸው እንጂ። ደግሞም ከራዲዮና ከጋዜጣ ይልቅ ከሰው ጋራ የተጨዋወቱትን አብዝተው ጠቀሱ። ስለዚህ ወሬው አስቀድሞ ዘወትር ወደሚያነቡትና ወደሚያዳምጡት፥ ከእነርሱም ወደ ሌላው ይሻገራል አሉ።

ለዚህ ገጽ ግን የሚቀርበው ሁለተኛው ምርመራ ነው። በ1945 ዓ.ም. በኢሊኖይ ግዛት በዲኬተር ከተማ 800 ያህል ሴቶች ስለ ገበያ፥ ስለ ልብስ፥ ስለ ሲኒማና ስለ አገር ጉዳይ የማንን ቃል እንደሚሰሙ ተጠየቁ። ካትዝና ላዛርስፌልድ መጽሐፉን በ1955 ዓ.ም. ሲያወጡት፥ ተሰሚዎቹ ባለጸጎች ብቻ እንዳልሆኑ ታወቀ፤ በገበያ ነገር ብዙ ቤተ ሰብ የምታስተዳድረው እመቤት፥ በልብስና በሲኒማ ያላገባችው ወጣት ትሰማለች። ባለቤቴ ይህን ስነግራት «ለዚህማ እስከ አሜሪካ ምን አስኬደ!» ብላ ሳቀችብኝ።

የልጅቱን የትምህርት ቤት ገንዘብ እኔ ከፈልሁ፤ ስኳሩም በእኛ ጓዳ ተቀምጧል። ዛሬ ወሬ ይዞ የሚገባው ባለ ስልኩ ትልቁ ልጄ ነው። ትናንት ማታ አንዱን ሲጀምር እናቱ ሲኒውን እንደ ያዘች «እስከ መጨረሻው አንብበኸዋል?» አለችው፤ እሱም ዝም ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ።