የሕፃን ገላ ስለ ምን ይቆስላል?

ባለፈው ክረምት እኅቴ የበኵር ልጇን ታቅፋ ወደ ቤቴ መጣች። የስምንት ወሩ ሕፃን መቀመጫው ቀልቶና ተልጦ የሽንት ጨርቁ በተፈታ ቍጥር ይጮኻል። እርሷንም ያስለቀሳት የልጁ ሥቃይ ብቻ አልነበረም፤ አንዲት ጎረቤት «ልጅ በንጽሕና ካልተያዘ እንዲህ ይሆናል» ብላት ኖሯል።

ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም። እኅቴ ልጁን በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ በሳሙና ታጥበው ነበርና ነገሩን ያባሰው ይኸው የበዛ ትጋት ነው።

ምክንያቱን እንመልከት። የላይኛው ቆዳ ለሰውነታችን እንደ አጥር ነው። ለብዙ ሰዓት በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ሲቆይ ግን ልብስ ስናጥብ እንደሚሸበሸበው ጣታችን ይላላል፤ ጨርቁ ሲፈትገውም በቀላሉ ይላጣል።

ቀድሞ ሐኪሞች ጥፋቱን ሁሉ በሽንት አሞኒያ ላይ ይጥሉት ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም. የታተመ ምርመራ ግን ነገሩን በይበልጥ ገለጠው። ሽንትና ዓይነ ምድር ሲቀላቀሉ አሞኒያ ይፈጠራል፤ እርሱም ጤናማ ቆዳ ያለውን መጠነኛ አሲድነት ያጠፋል። ያን ጊዜ በዓይነ ምድሩ ውስጥ ያሉት ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞች በርትተው ቆዳውን ያቆስሉታል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ቶሎ የሚቆስለውም ስለዚህ ነው።

ሳሙናም የአሲድ ተቃራኒ ነው። ተማሪዎቼ ቀይ የሊትመስ ወረቀት በሳሙና ውሃ ሲነክሩ ሰማያዊ ሲሆን ያያሉ። እንግዲህ ሳሙናው በደንብ ያልለቀቀው ጨርቅ ሕፃኑን ቢጎዳው ምን ያስደንቃል?

መፍትሔው ውድ አይደለም። ጨርቁ ወይም ዳይፐሩ እንደ ረጠበ ሳይዘገይ ይለወጥ። ገላው ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ፤ ሳይታሽ ይድረቅ፤ ለጥቂት ጊዜም ራቁቱን አየር ያግኘው። ከዚያ ቫዝሊን ወይም የዚንክ ኦክሳይድ ቅባት ወፈር አድርጎ መቀባት እርጥበቱን ይከላከላል። የሽንት ጨርቁን ደጋግሞ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ፤ ፀሐይ በሌለበት ክረምትም በካውያ ማድረቅ ይገባል። ፓውደር ግን አይነስነስ፤ ብናኙ ወደ ሕፃኑ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

ቅላቱ በጭኑ እጥፋት ውስጥ ደምቆ በዙሪያው ትንንሽ ነጠብጣብ ካወጣ ካንዲዳ የተባለ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ይህም አንቲባዮቲክ ከወሰዱ በኋላ ይበዛል፤ የራሱም መድኃኒት አለው። ቍስሉ በሦስት ቀን ካልተሻለው፤ መግል ከያዘ ወይም ትኵሳት ካለ፤ ሕፃኑን ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

የእኅቴ ልጅ በአራተኛው ቀን ሣቀ። እናቲቱ ግን የሰማችውን ቃል እስካሁን አልረሳችም። እንግዲህ ጎረቤቶች ሆይ፤ የቆሰለ ሕፃን ስታዩ እናቱን ከመውቀስ በፊት ጨርቁን በማለቅለቅ እርዷት።