ስለ ጥቂት ብር የሚከስ ማን ነው?

ለፋሲካ የተገዛው ቅቤ ሲነጠር ሙዝ የተደባለቀበት ሆኖ መገኘቱን የሰንበቴያችን እናቶች አጫወቱን። 55 ቀን ጾሞ በዓሉን ሲጠባበቅ ለሰነበተ ቤተ ሰብ ይህ እንዴት ያለ ኀዘን እንደ ሆነ መናገር አያሻንም። ከዚያው ሱቅ የገዙት ብዙዎች ሲሆኑ የከሰሰ ግን አልተገኘም። የዳኝነቱ ገንዘብ፥ የመጓጓዣው፥ የጠበቃውና ከሥራ የሚቀሩበት ቀን ቢደመር ከቅቤው ዋጋ ይበልጣልና። ሻጩም ይህን ሒሳብ ከእኛ አስቀድሞ ያውቀዋል።

በወንጌል የተነገረላት መበለት ወደ ዳኛው የተመላለሰችው ብቻዋን ነበር። አንድ ዓይነት በደል የደረሰባቸው መበለቶች ሺህ ቢሆኑስ፥ ሺውም በየተራ ይመላለሱን?

ሕጋችን በዚህ ነገር ፈጽሞ ዝም አላለም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 38፥ በጉዳዩ ያላቸው ጥቅም አንድ የሆነ ብዙ ሰዎች ሲኖሩ ከመካከላቸው አንዱ ወይም ጥቂቶቹ ስለ ሁሉም ሆነው እንዲከሱ ፈቀደ። ነገር ግን የሚወከሉት ሁሉ መስማማታቸውን ለፍርድ ቤቱ ማስረዳት ያስፈልጋል ሲል ደነገገ። ይህ በዕድር ለሚተዋወቁ ሰዎች ይቻል ይሆናል፤ ከአንድ ሱቅ ገዝተው በየሰፈሩ ለተበተኑ፥ ስም ለስም እንኳ ለማይተዋወቁ ሸማቾች ግን እንዴት ይሆንላቸዋል? እንደ እኛ አስተያየት በሩ ተከፍቶ ሳለ መግቢያው እጅግ ጠቧል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1966 የተሻሻለው ሥርዓት ነገሩን ገልብጦ፥ አልፈልግም ብሎ ራሱን ያላወጣ ተበዳይ ሁሉ በክሱ ውስጥ እንዲቆጠር አደረገ። በዚያም ቢሆን ነጋዴ መላ አላጣም። በነጻ ይሰጣል በተባለ ስልክ 30 ዶላር ከ22 ሳንቲም ግብር የተጠየቁ ባልና ሚስት ስለ ብዙዎች ሆነው ከኩባንያው ጋር ተሟገቱ። በፈረሙት ውል ውስጥ ግን እያንዳንዱ ደንበኛ ክርክሩን ለብቻው በግልግል ዳኝነት ይጨርስ የሚል ቃል ገብቶበት ኖሯል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2011፥ በ5 ድምፅ በ4 ላይ፥ ቃሉ ይጸናል ብሎ ፈረደ። (እንዲህ ያለውን ውል እስከ መጨረሻው አንብቦ የሚፈርም ሰው እስካሁን አላጋጠመንም።)

የሰንበቴያችን እናቶች ስምንት ሆነው አንድ ማመልከቻ ማጻፍ ጀምረዋል። ጸሐፊው የግዢውን ደረሰኝ ቢጠይቃቸው፥ ከስምንቱ ይዛ የተገኘችው አንዲት ብቻ ናት።